የወለተ ሚካኤል ፊት

ሚኒባሱ የኮሶዬን አቀበት ሲያጋምስ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ በዝግታ ይነዳ ጀመር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሙሉቀን በጉልበቶቹ መሐል ያቆመውን ረጅም ጥቅል በሁለት እጁ አቅፎታል። ጥቅሉ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ተደርቦበት ከላይ እስከ ታች በሲባጎ ተጠፍሯል። መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ወለሉ እንዳይመታው ብድግ ያደርገዋል።

የሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ መገባደጃ ነው። የፍልሰታ ጾም ከተፈታ ጥቂት ቀን ሆኖታል። በሰሜን በኩል ጦርነቱ ዳግመኛ ተነሥቷል የሚል ወሬ ስለነበር መንገደኛው እያወራ ሳለ በመሐል ዝም ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ይጀምራል።

«ልጄ፣ ምንጣፍ ነው?» አሉት ከጎኑ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የጠመጠሙ አሮጊት።

«አይደለም እናቴ፤ ሥዕል ነው።»

«የማን?»

«የእመቤታችን።»

አሮጊቷ ላስቲኩን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ጣታቸውን ሳሙ። ከዚያ በኋላ እሳቸውም መኪናው ጉድጓድ ሲነካ ጥቅሉን ደገፍ ያደርጉለት ጀመር።

አምባ ጊዮርጊስ ሊገቡ ሲሉ ኬላው ላይ ቆሙ። የዝናብ ልብስ በጋቢው ላይ የደረበ ሚሊሺያ ጠመንጃውን አንግቶ በሩን ከፈተ።

«መታወቂያ እየያዛችሁ ውረዱ። ያ የቆመው ምንድን ነው?»

«ሥዕል ነው። ለቤተ ክርስቲያን የምወስደው» አለ ሙሉቀን።

«ፍታው።»

«ወንድሜ፣ ዝናብ ከነካው ይበላሻል።»

«ፍታው ነው የምልህ። ፍራሽ ነው ብለው መሣሪያ የጠቀለሉ ሰዎች እዚሁ ተይዘዋል። እኔ በምን ልለይህ?»

ሙሉቀን ዙሪያውን ቃኘ። ከመንገዱ ዳር የተዘጋ ሱቅ አለ፤ የቆርቆሮው ክዳን ወጣ ያለ ነው። እዚያ ሥር ገብቶ ሲባጎውን መፍታት ጀመረ። ሚሊሺያው አንዱን ጫፍ ያዘለት። ሸራው ሲዘረጋ መንገደኛው ሁሉ ተጠጋ።

እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። ሰማያዊ መጎናጸፊያዋ ከራሷ እስከ እግሯ ወርዷል። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በግራ በቀኝ ቆመዋል። ከእግሯ ሥር አንዲት ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት በደረቷ ተኝታ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታለች። ነጠላዋ፣ መቀነቷ፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዟ ሳይቀር ተሥሏል። ፊቷ ሊሆን የሚገባው ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ቀለም ያልነካው ነጭ ሸራ።

ሚሊሺያው ኮፍያውን አወለቀ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩና «ምነው ይቺ ፊት የላትም?» አሉ።

«ገና አልተሣለም።»

«ማን ናት?»

«እናቴ ናት።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። «ነፍሷን ይማር» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ። ሚሊሺያው ሸራውን አብሮት ጠቅልሎ፣ ሲባጎውን ራሱ አጥብቆ አሰረለት።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይህን ኬላ ሙሉቀን በህልሙ ሳይቀር ያየዋል። አምና በዚህ ወቅት ነበር ጎንደር ላይ መኪና ለምኖ እዚህ ድረስ መጥቶ «ወደ ፊት ሲቪል አያልፍም» ተብሎ የተመለሰው። ስልክ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። «እማ ታማለች» የሚል ቃል ደርሶት ነበር፤ ምን እንደነካት የነገረው አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት እናቱ ብርቱካን ከተቀበረች ሰንብታ ነበር።

ለአርባዋ መጥቷል። ነገር ግን ተዝካር ሰው የሚገናኝበት እንጂ ወንድምና እኅት የሚነጋገሩበት አይደለም። እሱን ዳስ ውስጥ ከካህናቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጡት፤ እኅቱ ወለላ ከጓዳ ወደ ዳስ፣ ከዳስ ወደ ጓዳ ስትመላለስ ዋለች። በማግሥቱ ሥራ ጠርቶት ሄደ። ያኔ አላለቀሰም። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ነው» አለው። ጎንደር ሲመለስም አላለቀሰም፤ ልቅሶው የሆነ ቦታ ላይ እንደ መንገዱ የተዘጋ መሰለው።

ሙሉቀን የሕክምና ተማሪዎች የሰውን አካል በሚማሩበት ክፍል ሥዕል ሠሪ ነው። አጥንት፣ ጡንቻ፣ ደም ሥር ይሥላል። ሥዕልን የጀመረው ግን በቆሎ ተማሪነቱ ዘመን ከአንድ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ ቀለም እየፈጨ ነው። የእናቱ ዐርባ ካለፈ በኋላ፣ ጎንደር ቀሐ ሰፈር በተከራየው ቤት፣ ሸራ ወጥሮ ግድግዳው ላይ አቆመ። ባለቤቱ ወንጌላዊት ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አልጋውን ወደ ጥግ ገፋችለት። ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ እየሠራ ክረምቱን ደረሰ። ለጥምቀት ታቦታቱ ወርደው ከተማው በሆታ ሲናወጥ እሱ መስኮቱን ከፍቶ፣ ዝማሬውን እየሰማ፣ የገብርኤልን ክንፍ ይቀባ ነበር።

እጇ እሺ አለው። ተረከዟ፣ የቀሚሷ ጥለት፣ የመቀነቷ አስተሳሰር እሺ አለው። ፊቷ ግን እንቢ አለ። ብርቱካን ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። ለመታወቂያ የተነሣቻት አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበረች፤ እሷም ውሃ ገብቷት ነጭ ሆናለች። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስባት የምትመጣለት ከኋላዋ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ እስከ መኪናው ድረስ ስንቁን ተሸክማ ከፊት ከፊቱ የምትሄደው ጀርባዋ፣ ማጅራቷ፣ የነጠላዋ ጫፍ። «እማ!» ብሎ ሲጠራት ዞር ትላለች፤ ዞር ስትል ሌላ ሰው ትሆንበታለች። አንድ ቀን ፊቷን ሣለና ሲያየው ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ የገለበጠው የማንም ሴት ፊት ሆኖ አገኘው። በሽርፍራፊ ጨርቅ ጠርጎ አጠፋው። ወንጌላዊት ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። «እዚህ ሆነህ አታገኘውም። ይዘኸው ሂድ» አለችው።

አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ላይ የወለላ ባል ምንይችል በቅሎ ይዞ ጠበቀው። ጥቅሉን ኮርቻው ላይ በጎን አሰሩት። ከከተማው ወጥተው በጭቃው መንገድ በእግር ተጓዙ። ምንይችል ቁጥብ ሰው ነው። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ ትንሽ አወራና መንደሩ ሊታይ ሲል «ወለላ ተቀይማሃለች፤ ታውቃለህ አይደል?» አለው።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነገርኩህ አትበላት» አለና በቅሎዋን ጎተተ።

ወለላ በር ላይ ተቀበለችው። ለሙት ዓመቱ ድግስ እስከ ክርኗ ሊጥ ሆናለች። ጉንጩን ሳመችው፣ «እንዴት ከረምህ ሙሉቀን?» አለችው። ድሮ እንደ ታላቅነቱ «አያ» ነበር የምትለው። ከትንሽነቷ ጀምሮ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ሙሉቀን ስሙን ከአፏ ሲሰማ በሩ ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን እርምጃ ረሳ።

ብዙም ሳይቆይ ቄስ ገበዙ አባ ነጋ መጡ። የደብሩ ሥራ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ሸራውን መደብ ላይ ዘርግተው ሲያሳዩአቸው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀምረው ወረዱ። የመላእክቱን ሰይፍ፣ የእመቤታችንን ጣቶች እያዩ «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» ይላሉ። ከእግሯ ሥር ሲደርሱ ጣታቸውን ባዶው ፊት ላይ አቆሙ።

«እዚህ ቦታ ላይ በጥንቱ ዘመን የሚሣሉት እነማን እንደነበሩ ታውቃለህ?» አሉት።

«አውቃለሁ አባቴ። ነገሥታቱ፣ እቴጌዎቹ፣ ደጃዝማቾቹ።»

«አዎ። ሥዕሉን ያሠራ መኮንን ከእግሯ ሥር ተኝቶ ‹ተማኅፀንሁ› ይላል። ሐር ለብሶ፣ ከነማዕረጉ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እናትህ ሐር አልለበሰችም። ግን ያ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ጭቃው የተቦካው እሷ ከወንዝ በምታመጣው ውሃ ነው። ጀርባዋ እስኪላጥ ነው ያመላለሰችው። ቦታው ይገባታል። ማንም ቢናገር እኔ እመልስለታለሁ። ፊት የሌለው ሰው ግን ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ አልለጥፍም። ሰው ያያታል፤ ሕፃናት ያያሉ። ነገ ከሰዓት በፊት ጨርሰህ ካመጣኸው ተለጥፎ ያድርና በማግሥቱ በሙት ዓመቷ እንጸልይበታለን። ካልሆነም ጠቅልለህ ትመልሰዋለህ። ሌላ ጊዜ ታመጣዋለህ።»

ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ሙሉቀን ያውቃል። መንገዱ ነገ ክፍት ይሁን ዝግ የሚያውቅ የለም።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ሸራውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መግቢያ ካለው ደጀ ሰላም ወስዶ ብርሃን ካለበት በር ፊት ለፊት አቆመው። ቀለሙን አዘጋጀ። በከሰል መንደፍ ጀመረ። በልጅነቱ የሚያውቃትን ሊያመጣ ታገለ፤ ወፈር ያለው ቅንድብ፣ ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት፣ ሰፋ ያለው ጉንጭ። ሲጨርስ ወደ ኋላ ብሎ አየው። ትመስላለች፤ አትመስልም። ምንይችልን ልኮ ወለላን አስጠራ።

ወለላ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «ጠላ እያጠለልሁ ነው። ምን ፈለግህ?»

«እያት እስኪ። እማን ትመስላለች?»

ወለላ ቆማ አየች። ሙሉቀን የሷን ፊት እንጂ ሥዕሉን አላየም።

«ይቺማ ያንተ ናት» አለች በመጨረሻ። «ተማሪ ሳለህ የምታውቃት። ይቺ የእኔ አይደለችም። እኔ የቀበርኳት እንዲህ አልነበረችም።»

«እንዴት ነበረች?»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

ሙሉቀን ከሰሉን አስቀመጠ። «አሁን ነው» አለ።

ወለላ ወደ ግቢው አየች። የምትሄድ መስሎት ነበር። ግን የደጀ ሰላሙን መቀመጫ ድንጋይ በነጠላዋ አበስ አድርጋ ተቀመጠች።

«ጠዋት ነበር» አለች። «ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ ወጣች። ስትዘገይብኝ ሄድኩ። መሬት ላይ ተቀምጣ ጎመኑን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ግራ እጇን ታየዋለች፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ። ‹እማ ምን ሆንሽ?› ስላት መለሰችልኝ፤ ግን የተናገረችው ቃል አልነበረም። አፏ ወደ ቀኝ ተስቧል። የግራ ዓይኗ ቆብ ወርዶ ዓይኗን ሸፍኖታል። ሰው ሁሉ ምች ነው አለ። ዳማከሴ አሽተው አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት።»

ሙሉቀን የጭንቅላትን ደም ሥሮች በቀይ፣ ነርቮቹን በቢጫ ስንት ጊዜ ሥሏል። የትኛው ሲዘጋ የትኛው የፊት ጎን እንደሚወድቅ ለተማሪዎቹ በቀስት አመልክቷል። «ምች አይደለም» አለ በዝግታ። «ስትሮክ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለ ደም ሥር ነው።»

«ኋላ ነገሩን። ያኔ ብናውቅስ? ሐኪም ቤት በምን እንወስዳታለን? መኪና የለ። በቃሬዛ እንውሰዳት ብንል የተኩስ ድምፅ ይሰማል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «መናገር አልቻለችም። ቀኝ ዓይኗ ግን ክፍት ነበር። በሩን ታያለች። ቀኑን ሙሉ በሩን ታያለች።»

ሙሉቀን ለመጠየቅ ፈርቶ ጠየቀ። «እኔን ትጠብቅ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ቃል አልወጣትም። አንዳንዱ ‹ልጇን ነው› አለ። ለእኔ ግን ብርሃኑን ብቻ የምታይም ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ነው ብዬ አልዋሽህም።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እኔ ነኝ ያጠብኳት። ያን አፍ በጨርቅ እየነካካሁ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ማታ ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው ያቺ ናት። አንተ ቁንጅናዋን ይዘህ ሄድህ፤ እኔ ጋር የቀረችው ያቺ ናት። አሁን ይቺን ጤነኛ ሴት ግድግዳ ላይ ብትለጥፋት ያቺ የት ትሂድ?»

ሙሉቀን ጨርቅ አነሣና ንድፉን ጠረገው። «ንገሪኝ፤ እየነገርሽኝ እሥላታለሁ» አላት።

በዚህ መሐል አባ ነጋ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያዩ መጡ። ሙሉቀን አንዱን ዓይኗን የተከደነ አድርጎ ሲነድፍ አይተው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ። ይህን አንተም ተምረኸዋል። በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው?»

«ከሃዲና ሰይጣን።»

«ታዲያ እናትህን ከእነሱ ጋር ልትቆጥራት ነው? የማያውቅ ሰው ገብቶ ሲያያት ምን ይላል? ጻድቅ ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን ነው። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ እኔ አልሠራሁት።»

«እንዲያ ነበረች አባ!» አለች ወለላ ተነሥታ። «እርስዎም እኮ የቀንዲል ቅባት ሊቀቧት መጥተው አይተዋታል።»

አባ ነጋ አንገታቸውን ደፉ። «አይቻታለሁ» አሉ። «መስቀሉን ሳሳልማት ያ የወደቀው ዓይኗ ትንሽ ተከፍቶ እንደነበር ግን አንቺ አላየሽም፤ እግሯን ይዘሽ ነበር። በትንሹ ነው። በእሱም ታይ ነበር።» መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።

ወለላ ቆማ ቀረች። ከዚያ መጥታ ከሸራው አጠገብ ተንበረከከች፤ አፍንጫዋ ቀለሙን ሊነካ ደረሰ።

«እንግዲያ ክፈተው» አለች። «ትንሽ። ከዚያ በላይ አይደለም። እዚህ ድረስ።» በጥፍሯ አሳየችው።

ሙሉቀን ብሩሹን አነሣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁለቱም በኋላ ሲያስታውሱት ርዝመቱን መናገር አይችሉም ነበር። ወለላ ትናገራለች፣ እሱ ይቀባል። «ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ጨምርበት። ከንፈሯ እንዲህ አልነበረም፤ ደርቆ ነበር። ቅንድቧን ግን አትንካው፣ ቅንድቧ እስከ መጨረሻው ያው ነው።» ንቅሳቱ ላይ ተከራከሩ። እሱ የመስቀሉ እግር እስከ ቅንድቧ መሐል ይወርዳል አለ፤ እሷ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ ነው አለች። ኋላ እሷ «ልክ ነህ፤ ዘንበል ያለው ፊቷ ከተጣመመ በኋላ ነው» አለች። እንዲህ እያሉ እሱ የሚያውቀው ፊት ከሥር፣ እሷ የምታውቀው ፊት ከላይ እየሆነ ሄደ።

በመሐል ሙሉቀን ከብሩሹ ዓይኑን ሳያነሣ «መጥቼ ነበር» አላት።

«የት?»

«ኬላው ድረስ። አላሳልፍ አሉኝ። በእግር በገደሉ በኩል ልዙር ብዬ ጀምሬ ደግሞ ያዙኝ። ጎንደር መለሱኝ።»

ወለላ ከሸራው ዞር ብላ አየችው። ከዚያ «ምነው እስከ ዛሬ አልነገርኸኝ?» አለችው።

«አልደረስኩማ። ያልደረሰ ሰው ምን ብሎ ያወራል?»

«እኔ አንድ ቀን እንኳ ከቤትህ እንዳልተነሣህ ነው የማውቀው። ዓመቱን ሙሉ እሱን እያሰብሁ ነው ሳብሰለስል የከረምሁት።» የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ዓይኖቿን ጠረገች። «አፏ ላይ ጥላው በዛ፣ አያ። ቀነስ አድርገው። እንደዚያ ሲሆን የተቆጣች ትመስላለች፤ እማ ደግሞ በማንም አልተቆጣችም።»

እሱም ቀነሰው። የተሳበው የአፏ ጫፍ ላይ ጥላው ሲሳሳ፣ ፊቷ አንድ ነገር ልትናገር አፏን መክፈት የጀመረች ሴት ፊት ሆነ። ሁለቱም አዩት። ማንም «በቃ» አላለም፤ ብሩሹ ራሱ ቆመ። ሙሉቀን ከሸራው ግርጌ በቀይ ቀለም «ተማኅፀነት ብኪ አመትኪ ወለተ ሚካኤል» ብሎ ጻፈ። ብርቱካን ሰው የሚጠራት ስሟ ነው፤ እመቤታችን የምታውቃት በክርስትና ስሟ ነው።

ወለላ ማንበብ ብትችልም ግእዙ አልገባትም። «ምን ይላል?»

«‹አገልጋይሽ ወለተ ሚካኤል ባንቺ ተማፀነች› ይላል።»

«ሸጋ ነው» አለች። ከዚያ ጠላዋ ትዝ ብሏት እየሮጠች ሄደች።

አባ ነጋ ፊቱን አይተው ዲያቆናቱን ጠርተው ሙጫው እንዲበጠበጥ አዘዙ። ሸራው በሴቶች መግቢያ በኩል ባለው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እሳቸው ናቸው ቦታውን የመረጡት፤ «ውሃውን በዚህ በር ነበር የምታስገባው» አሉ።

በሙት ዓመቷ ጸሎተ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። የእመቤታችንን ልብስ ጫፍ ይስማሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ያዩአታል። አንዷ ደረቷን መታ መታ አደረገች። ሌላዋ «ውይ ብርቱካን» አለች፣ ገበያ መንገድ ላይ እንዳገኘቻት ሁሉ። ከሌላ ደብር የመጣች አንዲት ሴት «ፈገግ ያለች ናት» ስትል ሙሉቀን ሰማ። የመንደሩ ሴቶች አላረሟትም። ድግሱ ተበላ፤ ሰው መርቆ ተበተነ። ሙሉቀን ከዳሱ አምልጦ ወደ ጓዳው ገባና ከወለላ ጋር ዕቃ ሲያጥብ አመሸ። ሴቶቹ ሳቁበት፤ እሷ ግን አሞገሰችው።

በማግሥቱ የሚሄድበት ቀን ነበር። ሲነሣ ወለላ ቤት ውስጥ የለችም። ምንይችል በቅሎዋን እስኪጭን ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይቶ ለመሄድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ቅዳሴ የለም፤ ግቢው ጭር ብሏል። ሣሩ ዝናብ አርግዞ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያረጥበዋል። በሴቶቹ በር ደፍ ላይ የወለላ ጫማ ተቀምጧል። ሊጣራ ሲል ድምፅዋን ሰማ። እየጸለየች አልነበረም። እያወራች ነበር፤ እንደ ሰው ወግ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«...ሰው ሁሉ ጠግቦ ነው የሄደ። ጠላው ትንሽ ጎመዘዘ፤ ጌሾው በዝቶብኝ ነው። ጓደኛሽ ወለተሩፋኤል አልመጣችም፤ ወገቧን ታማ ነው፣ እንዳትቀየሚያት። ቀዩዋ ላም ወለደች፣ እንስት ናት። ከጓሮ ያለውን ጎመን አልነቀልሁትም እስካሁን። ልነቅለው ስሄድ እጄ አይታዘዝልኝም።» መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆየች። «አምና አስቸገርኩሽ እማ። መናገር ትፈልጊ ነበር፤ እኔ ደግሞ ‹ዝም በይ፣ ይደክምሻል› እልሽ ነበር። ልስማሽ ነበር የሚገባኝ። ቃል ባይሆንም።»

ሙሉቀን ግድግዳውን ተደገፈ። ጭቃው ከነጭዱ እጁ ላይ ሻከረው። ያን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ የት እንደታገደ የማያውቀው ልቅሶ መጣ። ድምፅ እንዳያወጣ ጋቢውን አፉ ውስጥ ከተተ። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ እኅቱ ወሬዋን እስክትጨርስ ድረስ አለቀሰ።

ወለላ ወጥታ አየችው። አላባበለችውም። ጫማዋን አደረገች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የሴቶች በር መሆኑንም ረስታ ወይም ትታ መንገዱን ለቀቀችለት።

«ግባ አያ» አለችው። «ሰው የለም። ብቻዋን ናት።»

ሙሉቀን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።